ዋጋውን ጻፉት፦ የድሬና የሐረር ሱቅ በማኅበራዊ ሚዲያ እንዴት ገዢ ያገኛል?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ግቡ። ዲሪያው፣ ያ ሰፊው የሴቶች ቀሚስ፣ በሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ጫማው መሬት ላይ ተደርድሯል፣ ሻጩ "ና አቦ፣ እይ!" ይላል። ዋጋ ከጠየቃችሁት አፍታ ሳይቆይ ይነግራችኋል። ያው ሰውዬ ስልኩን ሲያነሳ ግን ጠባዩ ይለወጣል። አንድ ፎቶ ይለጥፍና "ዋጋ በውስጥ መስመር" ብሎ ይጠፋል። በውስጥ መስመር የጻፈለት ሰው መልሱን የሚያገኘው በማግስቱ ነው። እስከዚያ ከሌላ ሱቅ ገዝቶ ለብሶታል።

ይህ ጽሑፍ ለትንንሽ ንግዶች ነው። የልብስ ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ የባጃጅ መለዋወጫ መሸጫ ወይም በግንብ በታጠረው የድሮ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ከሣር የተሰፋ ስፌት የምትሸጥ እናት ልትጠቀምበት ትችላለች። ውድ ካሜራ አያስፈልግም፣ በእጃችሁ ያለው ስልክ ይበቃል። መርሁ አንድ ነው። ገዢ ሱቃችሁ ቆሞ የሚጠይቃችሁን ነገር ሁሉ ስልኩ ላይ ሳይጠይቅ ማግኘት አለበት።

1. የት እንደምትከፍቱ ወስኑ

ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ኢንስታግራም፣ ዋትስአፕ… ሁሉንም በአንድ ቀን ከፍቶ በሳምንቱ ሁሉንም የሚተው ብዙ ነው። ሁለት ይበቃል። አንዱ አዲስ ሰው የሚያመጣላችሁ፣ ሌላው የመጣው ሰው የሚቆይበት ይሁን።

አዲስ ሰው በማምጣት ቲክቶክን የሚያህል የለም። ሰምቷችሁ የማያውቅ ሰው ፊት ቪዲዮአችሁን ያቀርባል። የቴሌግራም ቻናል ሥራው ሌላ ነው። ካልተቀላቀሉት ብዙም አይታይም፤ ከተቀላቀሉት ግን የለጠፋችሁት ሁሉ በተራ ይደርሳል። ስለዚህ ለአብዛኛው ሱቅ የምመክረው ቲክቶክንና ቴሌግራምን ነው። ቲክቶኩ መግለጫ ላይ የቴሌግራም ቻናላችሁን ስም ጻፉ።

ምግብ ቤት ወይም ሆቴል ከሆናችሁ ፌስቡክ ጨምሩ። ግን የግል አካውንት ሳይሆን ፔጅ ክፈቱ። የግል አካውንት 5,000 ጓደኛ ሲሞላ ይቆማል፣ ፔጅ ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለውም፤ ከአንድ ሰው በላይም ሊያስተዳድረው ይችላል። ጅቡቲና ሐርጌሳ ደንበኛ ያለው ሰው ደግሞ ዋትስአፕ ቢዝነስን አይተወው። ዕቃን ከነዋጋው የሚደረድሩበት ካታሎግ አለው፣ ያውም በነጻ።

2. አድራሻውን ለባጃጅ ሹፌር እንደምትናገሩት ጻፉ

ሰው ሱቃችሁን በሚጠራበት ስም ክፈቱ፤ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይሁን። የአበባ ወይም የኳስ ተጫዋች ፎቶ አታድርጉ። የሱቁን ፊት ከነታፔላው አንሱ። ሰው ሲመጣ የሚፈልገው ያንን ነው።

አድራሻ ላይ ብዙዎች ይሰንፋሉ። "ድሬዳዋ፣ ከዚራ" ማለት አድራሻ አይደለም። ከዚራ የት? ከድሮው ምድር ባቡር ጣቢያ ስንት ሱቅ አልፎ? በየትኛው ወገን? ለባጃጅ ሹፌር ስትነግሩ የምትጠሩት ምልክት ይኖራል፤ እሱን ጻፉት። ሐረር ላይ ደግሞ "ጀጎል" ብሎ መተው ሰውን ማሰቃየት ነው። በየትኛው በር እንደሚገባ ንገሩት። "በሸዋ በር ግቡ"፣ "ከፈረስ መጋላ ወደ መኪና ግርግር ስትወርዱ በግራ" ሲባል የከተማው ሰው ይገባዋል። ለእንግዳው ጉግል ማፕ ላይ ሱቃችሁን አስመዝግቡ፤ ክፍያ የለውም። ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ነው፤ በዚያ ጠባብ መንገድ ስልኩን እያየ የሚዞር ቱሪስት አይጠፋም።

ከዚያ ስልክ ቁጥር፣ የሥራ ሰዓት፣ ዕቃ ትልኩ እንደሆነና አከፋፈሉን በአንድ መልእክት ጻፉና የቴሌግራም ቻናሉ አናት ላይ ሰክታችሁ አስቀምጡት።

3. ፎቶና ቪዲዮ

የድሬ የቀትር ፀሐይ ቀለም ይበላል። ቢጫው ዲሪያ ነጭ ይመስላል፣ ወይን ጠጁ ይጠቁራል። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት ወይም ከሰዓት ከ10 በኋላ አንሱ። የግድ ቀትር ላይ ከሆነ ከበረንዳ ጥላ ውስጥ ሆናችሁ ወደ ብርሃኑ ዙሩ። ከሁሉ በፊት ግን የስልኩን ካሜራ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ሰው ይስቃል እንጂ ከድብዝዝ ፎቶ ግማሹ የጣት ቅባት ነው።

ስፌት ለምትሸጡ ጀጎል ራሱ ስቱዲዮ ነው። አረንጓዴና ሐምራዊ የተቀባ ግድግዳ ያለ ክፍያ የሚገኝ ጀርባ ነው፤ የቤቱን ባለቤት ማስፈቀድ ብቻ አትርሱ። አንዱን ስፌት በአራት ፎቶ አሳዩ፦ ከፊት፣ ከጎን፣ ከጀርባ፣ አራተኛው ደግሞ እጅ ይዞት። እጁ መጠኑን ይናገራል። ከጀርባ የሚታየው አሰፋፍ ደግሞ ሥራ የሚያውቅ ገዢ መጀመሪያ የሚያገላብጠው ነው። አዲስ አበባ ተቀምጣ የምትገዛ ሴት ማገላበጥ ስለማትችል እናንተ አገላብጡላት።

ቪዲዮ ስትሠሩ ሎጎ፣ ሰላምታና "ውድ ተከታታዮቻችን" ይቅር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰከንዶች ዕቃው ይታይባቸው። ሳምቡሳ ከዘይት ሲወጣ። ሐላዋ ሲቆረጥ። የሐረሩ መኪና ግርግር መንገድ ልብስ ሰፊ ፔዳሉን ሲረግጥ። ያ የስፌት መኪና ድምፅ በራሱ ይጣፍጣል፣ በዘፈን አትሸፍኑት። ደግሞም የቲክቶክ የንግድ አካውንት ለንግድ ከተፈቀዱ ሙዚቃዎች ውጪ ያለውን አያስጠቅምም። የራሳችሁ ድምፅ ከዚህ ጣጣ ያድናል።

ደንበኛ ሳትጠይቁ አትቅረጹ። በተለይ ሴት ደንበኛ ልብስ ስትለካ ከበስተኋላ የገባችበት ቪዲዮ ብዙ ጠብ ያመጣል።

4. ጽሑፉ፣ ዋጋውም

አሁን የተለመደውን እዩ፦

"አዲስ የገቡ ምርጥ ዲሪያዎች በተመጣጣኝ ዋጋ! ዋጋ በውስጥ መስመር! ፈጥነው ይደውሉ!!!"

ከዚህ ውስጥ ገዢ የሚጠቀምበት ምን አለ? ቀለሙን አያውቅም፣ ዋጋውን አያውቅም፣ ቦታውንም አያውቅም። ያንኑ ዕቃ እንዲህ ብትጽፉትስ፦

"የጥጥ ዲሪያ ከነሻርፑ። ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አለ። ለቀጭንም ለሞላ ሰውም ይሆናል። 1,800 ብር፤ ሁለት ለሚወስድ ቅናሽ አለው። ዋጋው እስከ ቅዳሜ ይቆያል። ታይዋን ነን። ከጠዋቱ 2 እስከ 6፣ ከሰዓት ከ10 እስከ ምሽቱ 2 ክፍት ነው። ወደ ሐረር በሚኒባስ እንልካለን።"

ዋጋና ሰዓቱ ለምሳሌ ያህል ነው፤ የራሳችሁን አስገቡ። አንድም የቃለ አጋኖ ምልክት እንደሌለው ግን ልብ በሉ።

ዋጋ ጻፉ ስል የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። "ጎረቤቴ ያየዋል።" ጎረቤታችሁ ዋጋችሁን ድሮ ያውቃል፤ ልጅ ልኮ አስጠይቋል። "ለክርክር ቦታ አይኖረኝም" የሚልም አለ። የድሬ ገዢ ሚሊዮን ጊዜ ቢጻፍም ይከራከራል፣ አትስጉ። "ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል" የሚለው ብቻ እውነት አለው። መፍትሔው ዋጋው እስከ መቼ እንደሚቆይ መጻፍ ነው። በሕግም ቢሆን፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የሸቀጡን ዋጋ በንግድ ቤቱ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያሳይ ያዛል። ሱቅ ውስጥ የለጠፋችሁትን ስልክ ላይ መደበቅ ምን ይጠቅማል?

ዕቃው ሲያልቅ የድሮውን ጽሑፍ አርሙና "አልቋል" በሉት። ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ ከፍሎ መጥቶ "አልቋል" የተባለ ሰው አይመለስም።

ቋንቋውንም አስቡበት። ድሬ ላይ አንድ ሰው ዕቃ ሲገዛ በአማርኛ ጀምሮ፣ በኦሮምኛ ተከራክሮ፣ በሶማሊኛ ሊከፍል ይችላል። ከአማርኛው ሥር የኦሮምኛና የሶማሊኛ አንድ አንድ መስመር ጨምሩ፣ ሐረር ከሆናችሁ ሐረሪኛም። ግን ስልኩ የተረጎመውን እንዳለ አትለጥፉ። ቋንቋው አፍ የፈታበት ጎረቤት አንድ ጊዜ ያንብብላችሁ፤ ሻይ ብትጋብዙት ይበቃዋል።

5. መቼ ይለጠፍ?

ድሬ በቀትር ሙቀት ትተኛለች፤ ሱቁም ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ጫት ይዞ በርጫ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ስልኩ እጁ ላይ ነው። ማታ ደግሞ ሲነፍስ ሰው ይወጣል። የእራት ዕቃ የምትሸጡ ከሰዓት ላይ፣ የልብስ ሱቅ ማታ ላይ ሞክሩ። የቴሌግራም ቻናል ከእያንዳንዱ መልእክት ሥር ስንት ጊዜ እንደታየ ይቆጥራል። ያንኑ ዓይነት ነገር በተለያየ ሰዓት ለጥፋችሁ ቁጥሩን አወዳድሩ። መብራትና ኔትወርክ ይጠፋል ብላችሁ ከሰጋችሁ የመላኪያውን ምልክት ተጭናችሁ ያዙት፣ ሰዓት ወስናችሁ አስቀድማችሁ እንድታስቀምጡ ያስችላል።

የበዓሉን ቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። የረመዳን ገበያ፣ ዒድ፣ ቀጥሎ ባለው የስድስት ቀን ጾም መጨረሻ ደግሞ ሐረር ላይ ሸዋል ዒድ። ሸዋል ዒድ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ ከሩቅ ለመምጣት የሚያስብ እንግዳ አለ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው፤ ተሳላሚው በድሬም በሐረርም ያልፋል፣ ያድራል፣ ይበላል። እንግዳ ከመንገዱ በፊት ስለሚፈልግ ማስታወቂያው ከበዓሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይውጣ። በበዓሉ ዋዜማ "እንኳን አደረሳችሁ" የሚል የተዘጋጀ ፎቶ መለጠፍ ማንንም ሱቅ አያስገባም። አታስቀሩት፣ ግን ሥራ ሠራሁ አትበሉ።

6. መልስ ስጡ

ዋጋ ከጻፋችሁ በኋላም "ስንት ነው?" የሚል አይጠፋም። አትቆጡ። "ከላይ ተጽፏል" አይባልም፤ ዋጋው ድጋሚ ይነገራል። የድሬ ልጅ በቃል "አንተ" ሲል ፍቅር ነው፤ በጽሑፍ ግን ድምፁ ስለማይሰማ የማታውቁትን ሰው "እርስዎ" በሉት። ለተደጋጋሚ ጥያቄዎች ዝግጁ መልስ ስልካችሁ ላይ ይቀመጥ፤ ዋትስአፕ ቢዝነስ ለዚህ ቦታ አለው፣ ሱቅ ሲዘጋም በራሱ የሚልከው መልእክት አለው።

ወቀሳ ከመጣ በአደባባይ አጭር መልስ ስጡ፣ ዝርዝሩን በስልክ ጨርሱ። ስድብ ካልሆነ በቀር አትሰርዙ። የተሰረዘበት ሰው ሦስት ቦታ ይጽፈዋል።

7. ለማስታወቂያ ከመክፈላችሁ በፊት

ተከታይ አትግዙ። የተገዛ ተከታይ ዲሪያ አይለብስም። "ሼር ላደረገ ስልክ እንሸልማለን" የሚለውም ሽልማት ፈላጊ እንጂ ገዢ አይሰበስብም። ፌስቡክ ላይ ከፍሎ ማስተዋወቅ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለሚጠይቅ ለብዙ ሱቅ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ብዙዎች ተከታይ ላላቸው የከተማው ልጆች ይከፍላሉ። ይሠራል፣ ግን መጀመሪያ ለአንድ ቪዲዮ ብቻ ተስማሙ። ተከታዩ ከየት እንደሆነ የሚያሳየውን ገጽ ከስልኩ ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ተከታዩ በሙሉ ሌላ ከተማ ከሆነ ለሳምቡሳ ቤት ምን ያደርጋል?

መለኪያው ላይክ አይደለም። ካሹ ጋ አንድ ደብተር አስቀምጡ። የገዛን ሁሉ "ከየት ሰማችሁን?" በሉና ምልክት አድርጉ፦ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም፣ ሰው ነግሮት፣ መንገድ ላይ አይቶ። ከወር በኋላ ደብተሩ ጊዜያችሁን የት እንደምታጠፉ ይነግራችኋል።

8. ገንዘቡና አካውንቱ

ከሩቅ ገዢ ቴሌብር ወይም ባንክ ያስገባና የደረሰኝ ፎቶ ይልካል። ፎቶ በቀላሉ ይቀየራል። ገንዘቡ መግባቱን ከራሳችሁ ሒሳብ ሳታዩ ዕቃ ለሚኒባስ ረዳት አትስጡ። ስትሰጡም የታርጋውን ቁጥርና የረዳቱን ስልክ ጻፉ፣ የታሸገውን ዕቃ ፎቶ አንስታችሁ ለገዢው ላኩ።

ገጹን የከፈተላችሁ የእህት ልጅ ከሆነ፣ የተከፈተው በማን ስልክ ቁጥር እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቁት። ልጁ አዲስ አበባ ሄዶ ሲም ካርዱን ከቀየረ ገጹም አብሮት ሊሄድ ይችላል። በራሳችሁ ቁጥር አዛውሩት፤ ከማስተካከያው ገብታችሁ በሁለት ደረጃ የሚያረጋግጠውን የይለፍ ቃል አብሩ። በስልክ የሚመጣውን የመግቢያ ኮድ ለማንም አትንገሩ፤ "ከቴሌግራም ነው የምደውለው" ለሚልም ቢሆን።