ቁልቁለት ላይ ጣቶቼን ያዳነው የጫማ ማሰሪያ

በስሜን ተራሮች ከቧሂት ወደ መሸሃ ወንዝ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ እግር የሚጎዳውም እዚያ እንጂ ዳገቱ ላይ አይደለም። ጣቶቼ በየእርምጃው ከጫማው አፍንጫ ጋር እየተጋጩ ጥፍሬ ይጠቁር፣ ተረከዜም ውኃ ይቋጥር ነበር።

መፍትሔው ማሰሪያው ላይ ተገኘ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ተረከዜን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ፣ ማሰሪያውን ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት ሁለት ጊዜ ጠምዝዤ አጠብቀዋለሁ፤ በጣቶቹ በኩል ላላ ይላል። እግሩ ወደ ፊት መንሸራተቱን ተወ። ጥፍር ቀደም ብሎ ይቆረጣል። ላብ ይዞ ቆዳ የሚያረጥበውን የጥጥ ካልሲ በሱፍ ተክቼዋለሁ። ቆዳው መጋል ሲጀምር ደግሞ «ትንሽ ልሂድና» ብሎ ነገር የለም፤ እዚያው ተቀምጬ፣ አድርቄ፣ ፕላስተር እለጥፋለሁ።

በቅሎ ነጂዎቹ በላስቲክ ጫማ ሽው ብለው ሲያልፉኝ ግን አሁንም እቀናለሁ።