ዋጋውን ሳትጠይቁ መርፌውን አትጀምሩ፦ በክብደት መቀነሻ መድኃኒቶች ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

አንድ ታካሚዬ ቨርጂንያ ውስጥ ታክሲ ይነዳሉ። ወደ ስልሳ የተጠጉ ናቸው። ደም ግፊት አለባቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ያኔ ሚዛን ላይ ሲወጡ 118 ኪሎ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዊጎቪ የሚባለውን በሳምንት አንዴ የሚወጋ የክብደት መቀነሻ መርፌ አዘዝኩላቸው። ሦስት ወር ቆይተው ሲመጡ ሰባት ኪሎ ቀንሰዋል። "ጋሼ፣ በርቱ! በዚሁ ይቀጥሉ" አልኳቸው። እሳቸው ኮፍያቸውን በእጃቸው እያሹ፣ "መቀጠሉን እንኳ ተወው፤ እቁቤ አልቋል" አሉኝ።

ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። ኢንሹራንሳቸው አልከፍልም ብሏል። ፋርማሲው 1,349 ዶላር ሲላቸው ከፈሉ፤ በሁለተኛውም ወር፣ በሦስተኛውም። "ለምን አልነገሩኝም?" ብላቸው፣ "ዶክተር ያዘዘው ነገር ዋጋው ይጠየቃል እንዴ?" አሉ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ስለ ማቅለሽለሹ፣ ስለ አወጋጉ፣ ስለ ፍሪጁ አሥር ደቂቃ ሙሉ ሳወራ ስለ ዋጋው አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒቱን ስም ከመጥራቴ በፊት ዋጋውን እናገራለሁ።

ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ሥራቸው ገንዘብ ነው። ሰው መጠን የሚዘለው፣ መርፌ የሚካፈለው፣ ከማያውቀው ሻጭ ብልቃጥ የሚገዛው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም፤ ስለተወደደበት ነው።

ለሰርጉ ብቻ

ይሄኛው ያንገበግበኛል። አገር ቤት የጥር ሰርግ ያለባቸው በኅዳር ይደውላሉ፤ እዚህ የጁላይ ሰርግ ያለባቸው በሚያዝያ። የሙሽራዋ እናት፣ አክስቷ፣ ሚዜዎቿ። "ዶክተር፣ ሦስት ወር ብቻ፤ ቀሚሱ እንዲገባልኝ ነው።"

ሦስት ወር ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ዊጎቪ የሚጀመረው በሳምንት 0.25 ሚሊግራም ነው። በየአራት ሳምንቱ ወደ 0.5፣ ወደ 1፣ ወደ 1.7 እያለ ዋናው መጠን 2.4 ላይ የሚደረሰው በአምስተኛው ወር ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሆድ እንዲለምደው ነው፤ ኪሎ ቢቀንስም ዋናው ሥራ ገና አልተጀመረም። ስለዚህ የሦስት ወር ተጠቃሚ መንገዱን ከፍሎ ከተማው ሳይገባ የተመለሰ ሰው ነው። ስማቸው የገነነባቸው ጥናቶች የቆዩት ከአንድ ዓመት በላይ ነው፦ የዊጎቪው 68 ሳምንት ቆይቶ በአማካይ 14.9 በመቶ፣ ዜፕባውንድ በሚል ስም የሚሸጠው ቲርዜፓታይድ ደግሞ በትልቁ መጠን በ72 ሳምንት 20.9 በመቶ ክብደት ቀንሰዋል።

ሲቆምስ? የዊጎቪውን ጥናት ከጨረሱት ውስጥ መድኃኒቱን ካቆሙ በኋላ ለአንድ ዓመት ክትትል የተደረገላቸው ሰዎች ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ይህ የፈቃድ ድክመት አይደለም። መድኃኒቱ አንጀት ራሱ የሚያመነጨውን "ጠግቤያለሁ" የሚል ሆርሞን አስመስሎ አንጎልን ያናግራል፣ ምግብ ከጨጓራ የሚወጣበትንም ጊዜ ያዘገያል። ሲወጣ ረሃቡ ይመለሳል። የደም ግፊት ክኒን ያቆመ ሰው ግፊቱ ቢመለስ "ሰነፍ" አንለውም አይደል?

ስለዚህ ሒሳቡን በወር አትሥሩት፤ በሁለት ዓመት ሥሩት። አምራቹ ኖቮ ኖርዲስክ በ2025 መጨረሻ በቀጥታ ከኪሱ ለሚከፍል ሰው የዊጎቪን መርፌ በወር ወደ 349 ዶላር አውርዶታል። ከ1,349 አንጻር እፎይ ያሰኛል። ግን 349ን በ24 ወር አባዙት፤ 8,376 ዶላር ነው። ይህንን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉና ከባለቤታችሁ ጋር ተነጋገሩበት። የሚቻል ከሆነ እንጀምር። የማይቻል ከሆነ ሌሎች ርካሽ የቆዩ መድኃኒቶች አሉ፣ የአመጋገብ ባለሙያ አለ፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ኢንሹራንስ ሊከፍልለት የሚችል የጨጓራ ቀዶ ሕክምና አለ።

አንዲት እትዬ የልጃቸው ሰርግ ሲያልፍ 1.7 ላይ አቆሙ። በዓመቱ የልጅ ልጅ ክርስትና መጣ፤ ፍሪጁን ሲያዩ ሁለት የተረፉ መርፌዎች አገኙ፣ ወጉት። ሦስት ቀን ሲያስመልሳቸው ከርሞ በግሉኮስ ነው የተነሱት። ለሳምንታት ያቋረጠ ሰው ካቆመበት አይቀጥልም፤ ሐኪሙን ጠይቆ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከታች ነው የሚጀምረው።

ብልቃጥና ስሪንጅ

አንድ ወጣት ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስመልሰው ቆይቶ መጣ። ኢንተርኔት ላይ የገዛው በፋርማሲ የተቀመመ ሴማግሉታይድ (ዊጎቪና ለስኳር የሚሰጠው ኦዜምፒክ ውስጥ ያለው መድኃኒት) ነው፤ በብልቃጥ፣ ከኢንሱሊን ስሪንጅ ጋር። "ስንት ወጋህ?" "አሥር ነው ያሉኝ፤ አሥር ወጋሁ።" በወረቀት ኩባያ ውሃ ሰጠሁትና "እስቲ አሳየኝ" አልኩት። ብርቱካናማውን ክዳን አወለቀ፣ መርፌውን ውሃው ውስጥ ነከረ፣ ሳበ... ሳበ... እስከ መጨረሻው መስመር። 100 የሚለው ላይ ቆመ። "ይኸው፣ አሥር።"

በብልቃጡ ላይ የተጻፈው በአንድ ሚሊ ሊትር 2.5 ሚሊግራም ነው። ስሪንጁ ላይ አሥር የሚለው መስመር 0.1 ሚሊ ሊትር ነው፤ 0.25 ሚሊግራም፣ ትክክለኛው መነሻ። እሱ የወጋው 2.5 ሚሊግራም ነው። አሥር እጥፍ። ሰነፍ ልጅ አይደለም፤ ኢንጂነሪንግ ነው የሚማረው። ስሪንጁ በዩኒት፣ ብልቃጡ በሚሊግራም፣ የሻጩ መልእክት በሌላ ቋንቋ ሲናገሩ ማንም ይሳሳታል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በጁላይ 2024 ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው፤ ከታሰበው ከ5 እስከ 20 እጥፍ የወጉ ሰዎች ነበሩ።

ፋርማሲዎች እነዚህን መድኃኒቶች እየቀመሙ በብዛት ሲሸጡ የቆዩት የፋብሪካው ምርት እጥረት ስለነበረበት ነው። የሴማግሉታይድ እጥረት ማብቃቱ በፌብሩዋሪ 2025 ታውጇል፤ የቲርዜፓታይድ ከዚያ ቀድሞ። ስለዚህ ዛሬ በቴሌግራም "የኦዜምፒክ ብልቃጥ አለን" የሚላችሁን ሰው ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። ፔን ተብሎ የሚሸጠውም (መድኃኒቱ ተሞልቶ የሚመጣ፣ እስክሪብቶ የሚመስል መርፌ) ቢሆን አያስተማምንም። በ2023 ኦስትሪያ ውስጥ ኦዜምፒክ ነው ብለው የወጉ ሰዎች ስኳራቸው ወርዶ ሆስፒታል ገብተዋል፤ የተጠረጠረው በውስጡ ኢንሱሊን መኖሩ ነው። ዋጋው ከከበደ የአምራቾቹን ቀጥታ ሽያጭ እዩ። ኤላይ ሊሊ ራሱ ዜፕባውንድን በብልቃጥ ይሸጣል፤ ከዲሴምበር 2025 ጀምሮ መነሻው 299 ዶላር፣ ቀጣዩ 399፣ ከዚያ በላይ ያሉት 449 ናቸው። ርካሽ አይደለም። ግን የገባበት ይታወቃል።

"ኢንሹራንሱ እምቢ አለ" ብሎ መተው

እምቢታ ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱን ሳያውቁ የሚለፉ ብዙ ናቸው። አንደኛው "ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል" ወይም "ማስረጃ ጎደለ" ነው። ይህ የወረቀት ጦርነት ነው፤ ይግባኝ ብለን ደጋግመን አሸንፈናል። ሁለተኛው "የእርስዎ ፕላን የክብደት መድኃኒት አይሸፍንም" ነው። ይህንን አሠሪያችሁ ነው የመረጠው፤ እኔ መቶ ደብዳቤ ብጽፍ ለውጥ የለውም። ስለዚህ ስትደውሉ የመጀመሪያው ጥያቄ "ፕላኔ የክብደት መቀነሻ መድኃኒት ጨርሶ ያስቀራል ወይ?" ይሁን። በጃንዋሪ ደግሞ እንደገና ጠይቁ፤ ፕላን ይቀየራል። የካሊፎርኒያው ሜዲ-ካል (በሌላው ስሙ ሜዲኬይድ፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ) እንኳ ለክብደት ብቻ ሲከፍል የነበረውን ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ አቁሟል።

ሌላው ስህተት ሕመምን መደበቅ ነው። ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) ለክብደት ብቻ የሚሰጥን መድኃኒት በመደበኛው ሽፋን እንዳይከፍል ሕጉ ራሱ ይከለክለዋል። ነገር ግን ዊጎቪ በማርች 2024 የልብ ሕመም ላለባቸው ወፍራም ሰዎች ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክ) እና ስትሮክን ለመቀነስ፣ ዜፕባውንድ ደግሞ በዲሴምበር 2024 በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ለሚቆራረጥባቸው ወፍራም ሰዎች ተፈቅደዋል። በዚያ በኩል በሩ ሊከፈት ይችላል። የእኛ ሰው ግን ማንኮራፋቱን ለሐኪም አይናገርም፤ የምትናገረው ሚስት ናት። እኚያ የታክሲው ጋሼ ኋላ ላይ ባለቤታቸውን ይዘው መጡ። "አባቴ፣ ሌሊት ትንፋሹ ሲቆም እኔ ነኝ ቁጭ ብዬ የምቆጥረው" አለችኝ። የእንቅልፍ ምርመራ አደረግን፣ ከባድ ሆኖ ተገኘ፣ ኢንሹራንሱ በ2025 ከፈለ። በመጀመሪያው ቀን ጠይቄ ቢሆን እቁቡ በተረፈ ነበር።

የአምራቾቹ የቅናሽ ካርድ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ ላላቸው አይሠራም። ፋርማሲ መስኮት ላይ ከመጨቃጨቅ አስቀድማችሁ እወቁት።

መካፈልና መላክ

እህትማማቾች አንዱን የኦዜምፒክ ፔን እየተቀባበሉ ሲወጉ አግኝቻለሁ። "መርፌውን እንቀይራለን፣ ዶክተር" አሉኝ። መርፌው ቢቀየርም ደም ወደ ፔኑ ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ ሄፓታይተስና ኤችአይቪ በዚህ መንገድ ሊተላለፉ ይችላሉ። አትካፈሉ። አራት ነጥብ።

ወደ አዲስ አበባ በሰው መላኩን ግን በቁጣ ብቻ አላልፈውም፤ እናቱ ስኳር ያለባት ልጅ ቢልክ ልቡን እረዳለሁ። የሚረሳው እናትየው ግሊቤንክላሚድ የሚባል የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን ላይ መሆኗ ነው። መርፌው ሲጨመርበት፣ ምግብም ሲቀንስ፣ ስኳሯ ሌሊት ሊወርድ ይችላል። እዚያ ያለው ሐኪሟ ሳያውቅ አትላኩ። ያልተከፈተ ፔን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ይፈልጋል። ከፍሪጅ ውጪ ከ30 ዲግሪ ሳያልፍ ዊጎቪ እስከ 28 ቀን፣ ዜፕባውንድ እስከ 21 ቀን ይቆያል። የቀዘቀዘና በረዶ የሆነ ይጣላል፤ ስለዚህ በእጅ ሻንጣ እንጂ ከታች በሚጫነው አይሂድ።

በአጭሩ የማልፋቸው

ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር በራስ ወይም በቤተሰብ ካለ ይህ መድኃኒት አይሆንም፤ ተናገሩ። ቲርዜፓታይድ የምትወጋ ሴት የወሊድ መከላከያ ክኒኗ ሊደክምባት ስለሚችል ሲጀመርና መጠን በጨመረ ቁጥር ለአራት ሳምንት ሌላ መከላከያ ትጨምር። እርግዝና ያሰበች ዊጎቪን ቢያንስ ሁለት ወር ቀድማ ታቁም። ቀዶ ሕክምና ካለባችሁ ለማደንዘዣ ሐኪሙ ንገሩ፤ ስትጾሙ ብታድሩም ሆዳችሁ ባዶ ላይሆን ይችላል። ወደ ጀርባ የሚወጋ የማይለቅ ከባድ የሆድ ሕመም ቆሽት ወይም ሐሞት ሊሆን ይችላል፤ ዝንጅብል አፍልቶ መጠበቅ አይደለም መልሱ። አዲሱን የዊጎቪ ክኒን ደግሞ በጠዋት ቡና አትዋጡት። በባዶ ሆድ፣ ከግማሽ ኩባያ ባልበለጠ ንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው ቡናው።

ጾምና ፍስክ

ሁዳዴን አትጹሙ አልልም፤ ብልም የሚሰማኝ የለም። መርፌው ላይ ሆኖ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የሚውል ሰው ግን መጀመሪያ ያዞረዋል፣ ከዚያ ሆዱ ይደርቃል። መጠን የሚጨመርበትን ሳምንት ጾሙ መግቢያ ላይ አታድርጉት፤ ከከበዳችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ዋናው ስህተት ግን ሳህኑ ላይ ነው። ረሃብ ሲጠፋ ሰው ግማሽ እንጀራ በጎመን በልቶ ይነሳል። ከሚቀንሰው ክብደት ውስጥ ጡንቻም አለበት፤ ፕሮቲን ካልገባ የበለጠ ይሄዳል። ወፈር ያለ ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራ አሹቅ፣ ይህ መጀመሪያ ይበላ፤ እንጀራው ይከተል። ክብደት ማንሳት አልጠየቅኳችሁም፤ ደረጃ ውጡ፣ ከወንበር እጅ ሳትደግፉ ተነሱ።

ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። 55 ቀን ቅቤ ያልነካ፣ መርፌው ያዘገየው ጨጓራ ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ዶሮ ወጥ። ማግስቱን ስልኬ አያርፍም።

እኔም አለሁበት። መርፌውን የጀመርኩ ዓመት ለታካሚዎቼ "ቀስ፣ ትንሽ፣ ቅባት ቀንሱ" ስል ከርሜ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ማዕዱ ሲቀርብ ሁሉን ረሳሁት። አንድ እንቁላል፣ አንድ የዶሮ እግር፣ ሁለት ጉርሻ ክትፎ። ሌሊቱን መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ አነጋሁ። እናቴ በሩ ላይ ነጠላዋን እንደተከናነበች ቆማ አየችኝ።

"ተልባ ሳትጠጣ ማን ፍታ አለህ?"