ልብስ ሰውነት ላይ እየተለጠፈ ሲያስቸግር ምን ይደረጋል?

ባለፈው ጥር እህቴ ሰርግ ልትሄድ አዲሱን አባያዋን ለበሰች። ገና ከበር ሳትወጣ ጨርቁ እግሯ ላይ ልጥፍ አለ። ታላቅቀዋለች፣ ተመልሶ ይለጠፋል። ሻርፗን ስትስበው ደግሞ ጠሽ ጠሽ አለና ፀጉሯ ቀጥ ብሎ ቆመ። "ኤሌክትሪክ ያዘኝ እኮ!"

አልተሳሳተችም፣ ኤሌክትሪክ ነው። ፖሊስተርና ናይለን ሲፋተጉ ኤሌክትሪክ ይሰበስባሉ። አየሩ እርጥበት ካለው ቀስ እያለ ይሄዳል። አየሩ ሲደርቅ ግን መሄጃ ያጣና ጨርቁ ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው ክረምት ላይ ጅማ ውስጥ ማንም የማያማርረው። ያኔ ጣጣችን ካልሲ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ውሎ አለመድረቁ ነው። በጋ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል።

መጀመሪያ ልብሱን ለዩ። ፖሊስተር፣ ናይለንና የአክሬሊክ ሹራብ ለብቻ፣ ጥጥ ለብቻ። ሰልባጅ ሆኖ አንገቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ከተቆረጠ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት። ጥጥ ወዲያው ይመጠዋል። ፖሊስተር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ውሃው እንደ ዶቃ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል።

ስታጥቡ ኦሞ አታብዙ። በመጨረሻው ማለቅለቂያ፣ 10 ሊትር በሚይዝ ባልዲ ውሃ ላይ ሁለት የቡና ሲኒ ነጭ አቼቶ ጨምሩ። የሳሙናውን ቅሪት ያወጣል፣ ጨርቁንም ያለሰልሳል። ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል፣ አትስጉ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ አቼቶና በረኪና በአንድ ሳፋ አይገናኙ። ሲቀላቀሉ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ትንፋሽ ያፍናል።

ዋናው ሥራ ያለው ገመዱ ላይ ነው። ፖሊስተር ውሃ ስለማይዝ በበጋ ፀሐይ ቶሎ ይደርቃል። እኛ ደግሞ ጠዋት አስጥተን ሂርማታ ገበያ እንወርዳለን፣ ስንመለስ 11 ሰዓት ሆኗል። ልብሱ ከርሮ፣ ስናነሳው ይንጫጫል። ስለዚህ ጥላ ያለበት ቦታ አስጡ፣ ቶሎ ቶሎም እዩት። ስፌቱን በሁለት ጣት ያዝ አድርጉ። ጨርቁ ደርቆ ስፌቱ ገና ቀዝቀዝ የሚል ከሆነ አሁን አንሱት። ሁለት ሦስቴ አራግፉና ቤት ውስጥ መስቀያ ላይ ይጨርስ። በቀጥታ ቁምሳጥን ከከተታችሁት ግን ይሸታል፣ እኔን አትውቀሱ።

ላውንደሪ የምትሰጡ ከሆነም ያው ነው፤ ከማድረቂያው ትንሽ እርጥበት እንዳለው አውጡልኝ በሉ። ካውያ ስታደርጉም እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ከላይ ጣል አድርጉ።

ለብሳችሁ በር ላይ ከቆማችሁ በኋላስ? እጃችሁን ውሃ ነካ አድርጉና የልብሱን ውስጥ በስሱ ዳበስ አድርጉት። ወይም አውልቁና የሽቦ መስቀያ በውስጥ በኩል ከላይ እስከ ታች አንሸራትቱ፤ ብረት ኤሌክትሪኩን ይወስደዋል። እህቴን ያዳናት ይሄ ነው። እግር ላይ ሎሽን መቀባት፣ ከሥር የጥጥ የውስጥ ቀሚስ መልበስም ይረዳል። የጫማው ሶል ፕላስቲክ ወይም ጎማ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት አይወርድም፣ ስለዚህ የቆዳ ሶል ይሻላል።

መርፌ ቁልፍም አለ። ከቀሚሱ ጫፍ በውስጥ በኩል፣ ስፌቱ ላይ አንድ ሰክታችሁ ሂዱ፤ ከውጭ አይታይም። እኔ በበጋ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት እይዛለሁ። አንዱ የእህቴ ነው፣ እሷ ሁልጊዜ ትረሳለች።