አሮጌ ባለስድስት ጎማ የውሃና የየብስ ተሽከርካሪ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከዚያ ወደ ጥገናው

ጂገር፣ አምፊካት፣ አቴክስ፣ ሀስለር። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በካናዳና በአሜሪካ ከተሠሩት ከእነዚህ ትናንሽ ተሽከርካሪዎች የአብዛኞቹ አምራች ዛሬ የለም። ከ1967 ጀምሮ የሚመረተው አርጎ ግን እስካሁን በገበያ ላይ ነው። የፋብሪካው መዘጋት ብዙ አያስጨንቅ፤ ኩሽኔታውና ካቴናው ለማንኛውም ማሽን የሚሆን መደበኛ ዕቃ ስለሆነ በላዩ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቦ መግዛት ይቻላል። በተሽከርካሪው ስም መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው ግን ሲንከራተት ይኖራል።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። የሚጠመዘዝ የፊት ጎማ የለም። በአንድ ጎን ያሉት ሦስት ጎማዎች በካቴና ተያይዘው አብረው ይዞራሉ፤ አንዱ ጎን በፍሬን ሲያዝ ሌላው እየገፋ ያዞረዋል። ሞላም ሆነ ባላስትራ የለውም፣ ንዝረቱን የሚችለው ጎማው ነው። ውሃ ላይ የሚቀዝፈውም ያው ጎማ ነው። ስለዚህ ችግር ሲፈጠር እጃችሁ ወደ ሞተሩ ከመሮጡ በፊት ከታች ጀምሩ።

ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ወደ አንድ ጎን ይስባል

መጀመሪያ የጎማውን ንፋስ ለኩ። እነዚህ ጎማዎች የሚሠሩት በ2 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። የመኪና መለኪያ ይህን ያህል ትንሽ ግፊት በትክክል ስለማያነብ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ መለኪያ ያስፈልጋል። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ጎማ ዙሪያ በሜትር ለኩ። ንፋሱ እኩል ሆኖ ዙሪያው የተለያየ ከሆነ ትልቁ ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ከትንሹ የበለጠ ርቀት ይሄዳል። ልዩነቱ በግራና በቀኝ መካከል ከሆነ ተሽከርካሪው ይስባል። በአንድ ጎን ባሉት ሦስቱ መካከል ከሆነ ደግሞ ጎማዎቹ እርስ በርስ ይታገላሉ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ካቴናው ነው። ትንሽ ልዩነት ንፋስ በመጨመርና በመቀነስ ይስተካከላል፤ ትልቅ ከሆነ ጎማ መቀየር ነው።

ጎማዎቹ እኩል ከሆኑ ፍሬኑን ጠርጥሩ። ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ አንዱን ጎን በክሪክ አንሱና ጎማውን በእጅ አዙሩ። ከሌላው ጎን ይልቅ ከከበደ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ማለት ነው፤ የፍሬኑን ማንሻ ማስተካከያ አላሉ።

ሲታጠፍ ከሆዱ ውስጥ የሚንኳኳ ድምፅ ይሰማል

ይህ በአብዛኛው የላላ ካቴና ጥርስ እየዘለለ ነው። ጭነቱ የሚበዛው በመታጠፊያ ላይ ስለሆነ ድምፁም እዚያ ይሰማል። ከማጥበቃችሁ በፊት ጎማውን ቀስ እያላችሁ አዙሩና ካቴናውን በተለያየ ቦታ ዳስሱት፤ ያረጀ ካቴና አንድ ቦታ ላይ ጠብቆ ሌላ ቦታ ላይ ይላላል። የሚስተካከለው በሚጠብቅበት ቦታ ላይ ነው፤ በላላበት ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይበላል።

መርዘሙን መለካት ከባድ አይደለም። የ40 ቁጥር ካቴና ከፒን ወደ ፒን 12.7 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ አዲስ ሲሆን 24 ክፍሉ 304.8 ሚሊሜትር ይመጣል። ተወጥሮ ሲለካ 311 ከሞላ ጊዜው አልፏል። ካቴናው የሚዞርበት ማርሽ ጥርስ እንደ መንጠቆ ከታጠፈ እሱም አብሮ ይቀየር፣ አለበለዚያ አዲሱን ካቴና ቶሎ ይጨርሰዋል።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ተሽከርካሪው አይሄድም

ከውሃ እንደወጣ ከሆነ የሞተሩን ኃይል የሚያስተላልፈው ቺንጋ ርሶ ነው፤ ሽፋኑን ከፍታችሁ አድርቁት። ደረቅ ሆኖ የሚንሸራተት ከሆነ ጎኑን ተመልከቱ። እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ወይም ከአዲስ ቺንጋ ከጠበበ ይቀየር።

ውሃ ይገባል

መጀመሪያ የማፍሰሻ ቡሹን እዩ። ቡሹ ሳይዘጋ ውሃ የሚገባ ሰው አይጠፋም። ቀዳዳውን ለማግኘት የሚሻለው መንገድ ግልባጩ ነው፦ ተሽከርካሪውን ከፍ አድርጋችሁ በደንብ ደግፉ፣ ከውስጥ ከአክስሉ ትንሽ ከፍ እስኪል ውሃ ሙሉ፣ ከዚያ በውጭ የት እንደሚንጠባጠብ እዩ። የውሃው ክብደት ቀላል ስላልሆነ ድጋፉ ጠንካራ ይሁን።

በአክስሉ ዙሪያ ከሆነ ውሃ የሚከለክለው የላስቲክ ቀለበት ያረጀ ወይም የመያዣው ብሎን የላላ ነው። ከውሃ በወጣ ቁጥር በኩሽኔታው ግራሶ በእጅ ፓምፕ ቀስ ብሎ መግፋት ውሃውን ያስወጣል፤ በኃይል ከተገፋ ግን ቀለበቱን ያወጣዋል።

ስንጥቅ ከሆነ ሙጫ ከመግዛት በፊት ፕላስቲኩ ምን እንደሆነ ለዩ። ከማይታይ ቦታ ቀለም ያልተቀባ ቅንጣት ፋቁና ውሃ ውስጥ ክተቱት። ከሰመጠ ኤቢኤስ ሊሆን ይችላል፤ የአሴቶን ጠብታ ካለሰለሰው ነው። ኤቢኤስ የራሱ ቁርጥራጭ በአሴቶን ሟሙቶ በሚሠራ ወፍራም ማጣበቂያ ይጠገናል። ከተንሳፈፈ ፖሊኢቲሊን ነው፤ በእሱ ላይ ሙጫ አይይዝም፣ በሙቀት መበየድ አለበት። በሁለቱም ላይ የስንጥቁን ጫፍ በትንሽ ቀዳዳ አቁሙት፣ አለበለዚያ ስንጥቁ ይቀጥላል።

ሞተሩ አይነሳም ወይም ራሱን ይፈጥናል

ለረጅም ጊዜ የቆመ ከሆነ አሮጌውን ቤንዚን አፍስሱ፣ ካርቡሬተሩን አጽዱ። በሜምብሬን (ቤንዚኑን በሚቆጣጠር ስስ ሽፋን) የሚሠራ ከሆነ ሜምብሬኑ ደርቆ ይገኛል። የቤንዚን ትነት በጀልባ ቅርጽ ባለው ሆድ ውስጥ ስለሚጠራቀም ብልጭታ ከመሞከራችሁ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ አናፍሱ።

ባለሁለት ምት ሞተር ነዳጅ ሳይሰጠው የሚፈጥን ከሆነ ወዲያው አጥፉት። በክራንክ ዘንጉ ቀለበት ወይም በካርቡሬተሩ ሥር አየር እየገባ ቅልቅሉ ሳስቷል፤ ያንኑ ከነዳችሁት ፒስተኑ ይጣበቃል። ያለ ምክንያት የሚግል ከሆነ ደግሞ የማራገቢያውን ሽፋን ፈትታችሁ የሞተሩን የማቀዝቀዣ ክንፎች ጥረጉ። ለዓመታት ጋራዥ ውስጥ በቆመ ተሽከርካሪ ላይ እዚያ የአይጥ ጎጆ ማግኘት አያስገርምም።