ገብቶም፣ ደጅ ቆሞም፦ ስለ ስቴሮይድ ሆርሞኖች በተደጋጋሚ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ብርሃን ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር በየዓመቱ የፈተና ወረቀት ላይ የማነበው መልስ አለ፦ «ስቴሮይድ ሆርሞን (እንደ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ያለው) ስብ ውስጥ ስለሚሟሟ የሕዋሱን ሽፋን አልፎ ይገባል፤ ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ተቀባይ፣ ማለትም ሆርሞኑ ተጣብቆበት መልእክቱን የሚያደርስበት ፕሮቲን፣ የለውም።» የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው፤ የገባው ሆርሞን በሕዋሱ ውስጥ ካለ ተቀባይ ጋር ተጣብቆ በኒውክለስ ያለውን ዘረ መል ያዛል፤ ይህ ጊዜ የሚወስድ የተለመደው መንገድ ነው። «ስለዚህ» የምትለዋ ቃል ግን ስህተት ናት፤ እኛ መምህራኑም ለዓመታት ደጋግመናታል።

መግባት የሚችል ሁሉ ሁልጊዜ ይገባል ማለት አይደለም። የመንዝ ገበሬ የጎረቤቱ ቤት ክፍት ሆኖለት ሳለ ከካቡ ማዶ ተጣርቶ መልእክቱን አድርሶ ይሄዳል። የእንቁራሪት እንቁላል ይህን በግልጽ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፕሮጄስትሮን በእንቁላሉ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ሲጨመር እንቁላሉ ጎለመሰ፤ በቀጭን መርፌ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን አልጎለመሰም። ዘረ መል ወደ አር ኤን ኤ እንዳይገለበጥ በመድኃኒት ሲታገድም ጉልምስናው አልቆመም። ትእዛዙ በኒውክለስ በኩል ቢያልፍ ኖሮ መቆም ነበረበት።

የስቴሮይድን ፈጣን ሥራ የቅርብ ጊዜ ወሬ አድርጎ መቁጠርም ስህተት ነው። የሆርሞን ተመራማሪው ሃንስ ሴልዬ ፕሮጄስትሮን አይጦችን በፍጥነት እንደሚያደነዝዝ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው።

ብዙዎች የሚወድቁበት «ፈጣን ከሆነ ከሽፋኑ ነው» የሚለው ድምዳሜ ነው። አንዲት ከመንዟ ከተማ ከመሐል ሜዳ የመጣች ልጅ «በጎች ላይስ ይታወቃል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ ጥያቄዋን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። አዎ፣ ይታወቃል። የእንቁላል እጢያቸው በወጣ በጎች ላይ ኤስትራዲዮል (ዋናው ኤስትሮጅን) ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ እጢ የሚወጣውን የኤል ኤች ሆርሞን ፍሰት በፍጥነት ይቀንሳል። ተመራማሪዎች ኤስትራዲዮሉን አልቡሚን ከተባለ ትልቅ ፕሮቲን ጋር አጣብቀው፣ ማለትም ወደ ሕዋስ እንዳይገባ አግደው ሲሰጡም ፍሰቱ ቀነሰ። ይህ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ነገር ግን ሆርሞኑ ከአልቡሚኑ ተላቅቆ ሊገባ ስለሚችል፣ የተላቀቀ አለመኖሩን ሳያጣሩ ውጤቱን ማመን አይገባም። በተጨማሪም የተለመደው የውስጥ ተቀባይ ራሱ ኪናዝ የሚባሉ ኢንዛይሞችን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያነሳሳ ይችላል። ፍጥነት ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ቦታን አያረጋግጥም። በተቃራኒው፣ ከሽፋኑ የተነሳ መልእክት በኪናዞች ሰንሰለት አልፎ ዘረ መል ድረስ ሊደርስ ይችላል።

ሌላው ስህተት «የሽፋኑ ተቀባይ» እያሉ አንድ ፕሮቲን ብቻ እንዳለ መጻፍ ነው። የታወቀው የኤስትሮጅን ተቀባይ አልፋ የስብ አሲድ (ፋቲ አሲድ) ሲለጠፍበት ከፊሉ ሽፋኑ ላይ ይቀመጣል። ጂፒኢአር የተባለው ሌላ ፕሮቲን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 የኤስትሮጅን ተቀባይ ተብሎ ቀረበ፤ ነገር ግን አንዱ ቡድን ሕዋሱ ውስጥ ባለ ሽፋን ላይ ሲያገኘው ሌላው በውጨኛው ሽፋን ላይ አየው። ስለዚህ «ሽፋን» ስትሉ የትኛውን ሽፋን እንደሆነ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ከዓሣ የእንቁላል እጢ የተለየው የፕሮጄስትሮን ተቀባይ እንደ ጂፒኢአር ሽፋኑን ሰባት ጊዜ ያቋርጣል፤ ተማሪዎች በዚህ ምክንያት ብቻ ከጂፒኢአር ቤተሰብ ይመድቡታል። የዘር ሐረጉ ግን ሌላ ነው፤ የሚዛመደው አዲፖኔክቲን ከተባለው የስብ ሕዋሳት ሆርሞን ተቀባዮች ጋር ነው።

ስቴሮይድ የነካውን ሁሉ «የስቴሮይድ ተቀባይ» አትበሉ። ከፕሮጄስትሮን የሚሠራው አሎፕሬግናኖሎን በአንጎል ውስጥ የጋባን፣ ማለትም ነርቮችን የሚያረጋጋውን ኬሚካል፣ ተቀባይ ሥራ ያጎለብታል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ ድባቴ ያጸደቀችው መድኃኒት እሱው ነው። የዚያ ተቀባይ ባለቤት ግን ጋባ ነው፤ ስቴሮይዱ በሌላ ቦታ ተጣብቆ የሚያግዝ ነው።

በመጨረሻም፣ የአንዱን እንስሳ ውጤት ለሁሉም አታውርሱ። ኮርቲኮስቴሮን የተባለው የጭንቀት ስቴሮይድ ሆርሞን በአንድ የሰሜን አሜሪካ ሳላማንደር (እንሽላሊት መሰል የእንቁራሪት ዘመድ) ወንድ ላይ ሴቷን አቅፎ የመያዝ ባሕርይን በደቂቃዎች ውስጥ ያቆማል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በአንጎሉ የነርቭ ሕዋሳት ሽፋን ላይ ሆርሞኑ የሚጣበቅበት ቦታ እንዳለ ታየ። ይህ ለሳላማንደሩ ተረጋግጧል፤ ለመንዝ በግ የሚያገለግለው ማስረጃ ከበግ የተገኘው ነው።