የታሸገ ምግብ ስንገዛ ጽሑፉን አስመልክቶ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴ ሰኞ ገበያም ሆነ ፒያሳ ሱቅ ውስጥ ሰው የታሸገ ነገር ሲገዛ እስኪ አስተውሉ፣ ገልበጥ ያደርግና ኤክስፓየር ዴቱን አይቶ ከፍሎ ይሄዳል። ቀኑን ማየት ጥሩ ነው፣ ግን ቀኑ ውስጡ ምን እንደተጨመረበት አይነግራችሁም እኮ። እሱን የሚነግራችሁ ኢንግሪዲየንትስ የሚለው ዝርዝር ነው፣ ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ እንደሚያዘው ደግሞ ዝርዝሩ የሚጻፈው ከብዙው ወደ ትንሹ ነው። የዱቄት ጁስ ፓኬት አንስታችሁ ብታዩ ፊቱ ላይ ለሁለት የተቆረጠ ብርቱካን አለ፣ ጀርባው ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በስኳር ነው፣ ከዛ አሲድ፣ ፍሌቨር፣ መጨረሻ ላይ ቀለም። ፊደሉ አልነበብ ካላችሁ በስልካችሁ ካሜራ ዙም አድርጉት።

ሁለተኛው በቴሌግራም የሚዞረው "ኢ ያለበት ሁሉ መርዝ ነው" የሚለው ነገር ነው፣ ኢ የሚባለው ዝርዝሩ ላይ ከቁጥር በፊት የሚጻፈው የእንግሊዝኛው E ፊደል ነው። ኢ300 እኮ ቫይታሚን ሲ ነው፣ ኢ330 ደግሞ ሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ። ኢ ማለት አውሮፓ ላይ ተመርምሮ የተፈቀደ ለማለት የሚሰጥ ቁጥር ነው፣ ፈቃዱ ግን ሊነሳም ይችላል፣ ኢ171 የሚባለው ነጭ ማድረጊያ በ2022 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ላይ ተከልክሏል። ስለዚህ ሁሉንም ከመፍራት ለይቶ ማወቅ ይሻላል፣ በተለይ ልጅ ያላችሁ እነዚህን ቁጥሮች ስልካችሁ ላይ ጻፏቸው፦ 102፣ 104፣ 110፣ 122፣ 124፣ 129። ስድስቱም ቀለሞች ናቸው፣ ከረሜላና ጁስ ላይ ታገኟቸዋላችሁ፣ አንዳንዱ ኢ ሳይጽፍ ቁጥሩን ወይ ታርትራዚን ምናምን ብሎ ስሙን ብቻ ያስቀምጣል። አውሮፓ ከሐምሌ 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነዚህ ያሉበት ምግብ ላይ "በልጆች እንቅስቃሴና ትኩረት ላይ መጥፎ ተጽዕኖ ሊኖረው ይችላል" ተብሎ እንዲጻፍ በሕግ ታዟል።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስህተት የሚመጣው። "ማስጠንቀቂያ የለበትም፣ ስለዚህ ችግር የለውም" እንላለን። ማስጠንቀቂያው የሚጻፈው ሕጉ ባለበት አገር ለሚሸጠው ነው፣ ያው ቀለም ያለበት ከረሜላ ሕጉ ወደሌለበት ሲላክ ጽሑፉ ላይኖር ይችላል፣ የልጁ ሆድ ግን ያው የልጅ ሆድ ነው። ሕግ ወጣ ማለትም በማግስቱ ከሱቅ ጠፋ ማለት አይደለም፣ አሜሪካ ቀይ ቁጥር 3 የሚባለውን ቀለም (127) ከምግብ እንዲወጣ የወሰነችው በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ሆኖ ለፋብሪካዎቹ እስከ ጥር 2027 ጊዜ ሰጥታለች።

ሌላው ቋንቋ ነው። እኛ ወሎ ላይ ከዓረብ አገር በዘመድ በኩል ብስኩቱም ዱቄት ወተቱም የሚመጣለት ቤት ብዙ ነው፣ ጽሑፉ በዓረብኛ ስለሆነ ብቻ ሳናነበው እንከፍተዋለን። ሳዑዲ ኖራ የተመለሰች ጎረቤት ወይ ቁርአን ቤት የቀራ ልጅ ካለ አስነብቡት። ቀኑ ወይም ዝርዝሩ ላይ ሌላ ስቲከር ከተለጠፈበት ግን አትግዙት፣ ባለሱቁ ምንም ቢምል።

ደግሞ ሌብል ያለው የታሸገው ብቻ መሆኑን እንረሳለን። ዳቦ ላይ ምን ተጽፎ አይታችኋል? ፖታሲየም ብሮሜት የሚባል ሊጡን ከፍ የሚያደርግ ኬሚካል አለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1999 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚላቸው ተርታ መድቦታል፣ እንግሊዝ አገር ከ1990 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ዳቦ ቤታችሁን "ጋሼ፣ ኢምፕሩቨር (የሊጥ ማሻሻያ) የሚጨምሩበት ከሆነ እስኪ ከረጢቱን ያሳዩኝ" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ከረጢቱ ላይ ተጽፏል። በርበሬም እንደዛው፣ በ2005 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሱዳን አንድ የሚባል የኢንዱስትሪ ቀለም የተቀላቀለበት የሚጥሚጣ ዱቄት የገባበት ምግብ በመቶዎች ዓይነት ከሱቅ ተሰብስቧል። የተፈጨ ከመግዛት ዛላውን ገዝቶ፣ በደንብ አድርቆ ማስፈጨት ይሻላል፣ እርጥበት ካለው ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣልና። የፀረ አረም ወይ የፀረ ተባይ ጀሪካን ግን ስንቴም ቢታጠብ ዘይትም ውሃም አይያዝበት፣ እባካችሁ።

"ሹገር ፍሪ" የሚለውን አይቶ ለልጅ መስጠትም አለ። ውስጡ አስፓርቴም የሚባል ማጣፈጫ (951) ሊኖር ይችላል፣ ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባል በሽታ ላለበት ልጅ አይሆንም። ዘቢብና የደረቀ ፍራፍሬ ላይ 220 ካያችሁ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው፣ አስም ያለበት ሰው ይጠንቀቅ።

የመጨረሻው፣ ምግቡ ሲያጠራጥረን ላስቲኩን ጥለን ፌስቡክ ላይ መጮህ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ምግብ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፣ በ8482 በነጻ ይደወላል። ያለ ማሸጊያው ግን ምን ብላችሁ ታመለክታላችሁ? የፋብሪካው ስም፣ ባች ቁጥሩ፣ ቀኑ ሁሉም እሱ ላይ ነው ያለው። ፎቶ አንሱት፣ የቀረውን ምግብ ሳትነካኩ ከነላስቲኩ አስቀምጡት፣ ከየት ሱቅ በየትኛው ቀን እንደገዛችሁም ጻፉ፣ ደረሰኝ ካለ አብራችሁ ያዙት።