መንዝ ላይ ዘመድ ሰብስባችሁ ዘር ለመቁጠር ላሰባችሁ

ከጥር አታሳልፉት። ጥምቀት ካለፈ እህሉ ገብቷል፣ መንገዱም ደርቋል። እኔ የምመርጠው ጥር 21ን፣ አስተርዮ ማርያምን ነው። አገሬው በዓል ላይ ስለሆነ ሽማግሌ ፍለጋ ቤት ለቤት አትዞሩም። ረቡዕ ወይም አርብ ከዋለ፣ ወይም የነነዌ ጾም ከገጠመ ግን በጉ ቀርቶ ሽሮ ነው።

ገንዘቡን ቀድማችሁ በቴሌብር ሰብስቡ። «እዛው እሰጣለሁ» የሚል ዘመድ አይጠፋም።

የዘር ቆጠራው ላይ አትቸኩሉ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ርስት የሚገኘው በትውልድ ሐረግ ነበር፣ በአባትም በእናትም። ርስት ሲሟገት ያደገ ሰው ሐረጉን እስከ አቅኚ አባት፣ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው ድረስ ይቆጥረዋል። ስለዚህ «ዘራችን ከየት ነው?» አትበሉ፣ ዝም ይሏችኋል። «ያ ማሳ የማን ነበር?» በሉ። አጎቴ ድንበሩን በዱላቸው እያሳዩ አያት ቅድመ አያቱን ባንድ ትንፋሽ ጠሩት። እህታቸው «የእናታችን እናትስ የት ገባች?» ብለው ባያቋርጧቸው ወንድ ብቻ ቆጥረው ሊጨርሱ ነበር! ሴቶቹን ለብቻ ጠይቁ፤ ማን ለማን እንደተዳረ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የክርስትና ስምም ጻፉ፤ ቄሱ ሟቹን የሚያስታውሱት በዚያ ነው።

ወፍራም ጃኬት ያዙ። ማታ ውርጩ አይቻልም፤ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሱን፣ ከሰጧችሁ እንቢ እንዳትሉ።

ሐረጉን በትልቅ ወረቀት ጽፋችሁ ፎቶ አንሱና የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ልቀቁት። ስሙ የቀረ ሰው ራሱ ይደውላል።